ከቱርኒኬት ሥር የተዘነጋው ቆዳ

በእጅና በእግር ቀዶ ሕክምና ጊዜ ደም ለማገድ የሚታሰረው ቱርኒኬት ጉዳት ሲነሣ ትኩረቱ በነርቭና በጡንቻ ላይ ያርፋል፤ ቆዳ ይዘነጋል። ይሁንና የቆዳው መላጥ፣ ውኃ መቋጠርና መቃጠል በቀላሉ ሊከላከሉት የሚቻል ጉዳት ነው።

አመጣጡ ውስብስብ አይደለም። ለማጽጃ የተቀባው ፖቪዶን አዮዲን ወይም አልኮል ወደ ላይ ሰርጎ ከቱርኒኬቱ ሥር ያለውን ጥጥ ያረጥባል። እርጥቡ ጥጥ በግፊት ተጣብቆ እስከ ሁለት ሰዓት ሊቆይ ይችላል፤ መድኃኒቱ መድረቂያ አጥቶ ቆዳውን ያቃጥላል። ጥጡ ከተሸበሸበም እጥፋቱ ቆዳውን ይቆነጥጣል። ሃርቪ ኩሺንግ በ1904 እ.ኤ.አ. በአየር የሚሞላውን ቱርኒኬት ካስተዋወቀ ወዲህ ግፊቱን መቈጣጠር ተችሏል፤ በልማድ ግን ታካሚው ቀጭን ሽማግሌም ይሁን ወፍራም ጎልማሳ ለእጅ 250፣ ለእግር 300 ሚሊሜትር ሜርኩሪ ይሞላል። በጎማ ጥቅል ሲታሰር ደግሞ ግፊቱ ጭራሽ አይታወቅም።

በጅማና በዙሪያዋ ባሉት የቡና ከተሞች ጉዳዩ የተለየ ክብደት አለው። በለቀማ ወራት ከዛፍ ወድቆ ክንዱ የተሰበረ የአጋሮ ወይም የሊሙ ገነት ሰው በጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል ታክሞ ወደ ቀዬው ይመለሳል። በጥቁር ቆዳ ላይ የመጀመሪያው መቅላት በግልጽ አይታይም (የመማሪያ መጻሕፍቱ ሥዕሎች በአብዛኛው የነጭ ቆዳ መሆናቸው ነገሩን ያባብሰዋል)፤ የደነዘዘ እጅም ሕመሙን አይናገርም። ቆዳው ቤት ከደረሰ በኋላ ቢላጥ ቁስሉን የሚያጥበው የአካባቢው ጤና ጣቢያ ነው፤ መንሥኤው ግን ቀዶ ሕክምናውን ወደ ሠራው ክፍል መዝገብ ላይደርስ ይችላል።

የዕቃ እጥረት እዚህ ላይ በቂ ምክንያት አይሆንም። ደረቅና ያልተሸበሸበ ጥጥ፣ በታችኛው ጠርዝ የሚለጠፍ ፕላስቲክ፣ መድኃኒቱ እስኪደርቅ የሚጠበቅባቸው ጥቂት ደቂቃዎች ይበቃሉ። የደም ፍሰቱ የሚቆምበትን ግፊት በጣት በሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ገምቶ ከ40 እስከ 80 መጨመርም ከልማዳዊው ቁጥር ይሻላል።

የዓለም ጤና ድርጅት በ2008 እ.ኤ.አ. ያወጣው የቀዶ ሕክምና ደኅንነት መጠይቅ ከያዛቸው 19 ነጥቦች አንዱም ቱርኒኬትን አያነሣም፤ እንደየአካባቢው እንዲሻሻል ግን ይፈቅዳል። እንግዲህ ጅማ የራሷን ነጥብ ትጨምር፦ ታካሚው ከጠረጴዛው ሳይነሣ ቱርኒኬቱና ጥጡ አብረው ይውለቁ፤ ቆዳው በዓይን ብቻ ሳይሆን በእጅም ይመርመር፤ በማግስቱም ይደገም። ታካሚው ይዞት የሚመለሰው ወረቀት ቱርኒኬቱ የታሰረበትን ቦታ፣ ግፊቱንና የቆየበትን ሰዓት ለጤና ጣቢያው ይግለጽ።