ውዝፉን ማን ፈጠረው?

ወገን፣ ይሄን ሳታነብ ላይክ አድርገህ እንዳታልፍ። የምናወራው ስለ ቀበሌ ቤት ኪራይ ነው። አዎ፣ ስለዚያች የአንድ ማኪያቶ ዋጋ ስለማትሞላ ኪራይ። «አሁን ይሄም ወሬ ሆኖ ይጻፋል?» ካልክ ወይ የቀበሌ ቤት ልጅ አይደለህም፣ ወይ ደግሞ እናትህ በዚህ ጉዳይ ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንዳጣች ደብቃሃለች።

«የቀበሌ ቤት ነዋሪ በነጻ ነው የሚኖረው፣ እሷንም ሳንቲም አይከፍልም፣ ውዝፍ በውዝፍ ነው» የሚል ሰው በየኮሜንቱ አለ። የሚያሳዝነው ከሚጽፉት ግማሾቹ የእኛው ልጆች መሆናቸው ነው። ሰፈር ቀይረው፣ ኮንዶሚኒየም ገብተው፣ ያደጉበትን ግቢ የሚሰድቡ። እሺ፣ እንነጋገራ። በመጀመሪያ ይሄ ኪራይ ለምን ርካሽ ሆነ? ቀጥሎስ ውዝፍ የሚባለውን ነገር ማን ፈጠረው?

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ከዚያ ቤቶቹ ለሁለት ተከፈሉ። ኪራያቸው በወር ከ100 ብር በላይ የሆኑት በኪራይ ቤቶች አስተዳደር ሥር ገቡ፣ ከዚያ በታች ያሉት ለቀበሌ ተሰጡ። ቪላው፣ ፎቁ፣ አስፋልት ዳር ያለው ሱቅ ወደዚያ፤ ጭቃ ቤቱ ወደዚህ። ገባህ አይደል? የቀበሌ ቤት ኪራይ ርካሽ የሆነው መንግሥት ለነዋሪው ስላዘነ ብቻ አይደለም። ድሮውንም ርካሽ የነበረው ቤት ተለይቶ ነው «የቀበሌ» የተባለው። ዛሬ ቀበሌ የሚባለው መዋቅር ወረዳ ከሆነ ዓመታት አልፈዋል፣ ቤቱ ግን እስካሁን የቀበሌ ቤት ነው፣ ጭቃውም ያው ጭቃ ነው።

ሌላም ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማያውቀው። ያው አዋጅ የከተማ ነዋሪዎች ማኅበራት ኪራዩን እንዲሰበስቡ ሥልጣን ሲሰጥ፣ ገንዘቡ ርካሽ ቤቶች እንዲሠሩበትና የነዋሪው ኑሮ እንዲሻሻልበት ነበር ያሰበው። ኪራዩ ወደ ሰፈሩ እንዲመለስ ማለት ነው። እስቲ ሰፈርህን ዞር ብለህ እይና በዚህ ሁሉ ዓመት ከኪራይ ገንዘብ የተሠራ አንድ ነገር አሳየኝ። ሽንት ቤቱ ለስንት ቤተሰብ ነው? ጉድጓዱ ሲሞላ የሚያስመጥጠው ማነው? አዋጥተን ነው። ጣሪያው ሲያፈስ ቆርቆሮ የገዛው አባትህ ነው። ኮርኒሱን የለጠፈ፣ ወለሉን ሲሚንቶ ያስለሰነ፣ አምስት ልጅ ሲመጣ ቆጥ የሠራ ተከራዩ ነው። ያውም ለእድሳት ፈቃድ ለማግኘት ደጅ ጠንቶ። አከራይ ማለት ቤት የሚጠግን ከሆነ፣ በዚህ ግቢ ውስጥ አከራይ ታይቶ አያውቅም። ስለዚህ «በነጻ ትኖራላችሁ» የሚለን ሰው ሒሳቡን አስተካክሎ ይምጣ።

ሒሳብ ካልን አይቀር፣ እኔ የተማርኩት አካውንቲንግ ነው። ዲግሪዬ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ እኔ እቤት ተቀምጫለሁ። ሥራ አጥ አካውንታንት ምን ይሠራል? የእናቱን ደረሰኝ ይቆጥራል።

የእኛ ቤት ውል በአባቴ ስም ነበር። ኪራዩ በወር 18 ብር። አባቴ ካረፈ በኋላ እማዬ እንደ ልማዷ ኪራዩን ልትከፍል ሄደች። መስኮቱ ላይ ያለው ልጅ «እናቴ፣ በሟች ስም አንቀበልም፣ መጀመሪያ ስሙ ይዛወር» አላት። ስሙን ለማዛወር ሄደች፦ የሞት ምስክር ወረቀት፣ የጋብቻ ማስረጃ፣ የወራሽነት ማስረጃ። አመጣች። «ፋይሉ ክፍለ ከተማ ነው።» ክፍለ ከተማ ሄደች። «ወረዳ ነው።» ወረዳ ተመለሰች። «ሲስተም የለም።» ሌላ ቀን፣ «ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው።» 9 ጊዜ ተመላልሳለች፣ ቀኑን በደብተር ጽፌዋለሁ። ለታክሲ ደርሶ መልስ 40 ብር ብለህ አስላው፣ 360 ብር። በዚህ መሀል 14 ወር አለፈ። ከዚያ ምን መጣ መሰለህ? በር ላይ የተለጠፈ ማስጠንቀቂያ። «የ14 ወር ውዝፍ ኪራይ ስላለብዎት»። ውዝፉ 252 ብር ነው። 252 ብር ለመክፈል 360 ብር የታክሲ ያወጣች ሴት «አልከፍል ያለች ተከራይ» ተብላ ተመዘገበች።

አሁን ውዝፉን ማን ፈጠረው? ዕዳውን ይዞ የመጣን ሰው እጅ መልሶ፣ በዓመቱ «ዕዳ አለብህ» ማለት በየትኛው የሒሳብ መዝገብ ነው ያለው? እኔ ዩኒቨርሲቲ በተማርኩበት መጽሐፍ ውስጥ የለም። ይሄ ደግሞ የእኛ ቤት ብቻ ታሪክ አይደለም። እናቱ ስትሞት ልጁ፣ ባል ሲሞት ሚስት፣ አያት ስትሞት ያሳደገቻት የልጅ ልጅ፣ ሁሉም በዚያው መስኮት ያልፋል። ደረሰኝ ሳይቆረጥ «ከፍለሻል በቃ፣ ሂጂ» የተባለችም አለች። ሠራተኛው ሲቀየር አዲሱ መዝገቡን ገልጦ ባዶ ያገኛል። ባዶ መስመር ደግሞ በቢሮ ቋንቋ ትርጉሙ አንድ ነው፦ አልከፈለም።

«ለ252 ብር ይሄ ሁሉ ጩኸት?» ትለኝ ይሆናል። ወንድሜ፣ ዕዳም እንደ ውሃ ነው፣ እያሳሳቀ ይወስዳል። ነገሩ ገንዘቡ ላይ አይደለም። ፒያሳን አስታውስ። በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማት ሲጀመር ዶሮ ማነቂያ የሚባለው ሰፈር በአጭር ጊዜ ውስጥ ባዶ ሜዳ ሆነ። ያኔ ለቀበሌ ቤት ተከራዮች ኮንዶሚኒየም ወይም ምትክ የቀበሌ ቤት የሚል ምርጫ ቀርቧል። ታዲያ በዚያ ቀን የምትቆመው በምንህ ነው? ግቢው ውስጥ 40 ዓመት መኖርህን ጎረቤትህ ያውቃል፣ ጎረቤትህ ግን እሱም ዕቃውን እየጫነ ነው። የሚያወራልህ ወረቀት ነው። ውልህ፣ መታወቂያህ፣ ደረሰኝህ። በዚያ ሰልፍ ላይ ቆሞ ስሙ ገና የአባቱ የሆነ፣ ፋይሉ ላይ «ውዝፍ» የተጻፈበት ሰው ምን እንደሚሰማው አስበው። ማንም ሰው ያቺን ቃል ይዞ ሊጫወትበት ይችላል። ጉቦ የሚበላ ሰው የሚኖረው እኮ እንዲህ ባለች ቀዳዳ ውስጥ ነው። «ይሄ ፋይል ችግር አለበት» ካለህ በኋላ የምትከተለዋን አረፍተ ነገር አንተም ታውቃታለህ።

ስለዚህ «ለሚፈርስ ቤት ምን አስከፈለኝ» የምትለው ወጣት፣ ከአንተ ጋር ነው ጠቤ። ጀግንነት መስሎህ ከሆነ ተሳስተሃል። ቤቱ ሊፈርስ ስለሚችል ነው መክፈል ያለብህ። ያልከፈልክባት እያንዳንዷ ወር ለዚያ መስኮት የሰጠኸው መሣሪያ ናት። ፕሮፋይልህ ላይ ባንዲራ ሰቅለህ፣ ስለ ሀገር ክብር ቀን ከሌት ፖስት እያደረግህ፣ የእናትህ የኪራይ ደብተር የት እንዳለ ካላወቅህ ተነስና ፈልገው። ቁም ሳጥኑ ላይ ባለው የብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ ነው የሚሆነው፣ ከእድር ደብተሩ ሥር።

እዚህ ላይ ሌላ ሐቅም አለ፣ ቢመረንም እንዋጠው። የቀበሌ ቤት ይዞ፣ ሌላ ቦታ ቤት ሠርቶ፣ የቀበሌውን በሺዎች ብር ለሌላ ደሃ የሚያከራይ ሰው አለ። ሰፈር ውስጥ እናውቃቸዋለን። የከተማው አስተዳደር ጥር 2013 ዓ.ም. በሕገወጥ መንገድ ስለተያዙ መሬቶች፣ ኮንዶሚኒየሞችና የቀበሌ ቤቶች ጥናት ይፋ ሲያደርግ ብዙዎቻችን አጨብጭበናል፣ ትክክልም ነበርን። እነሱ የእኛ ወገን አይደሉም። ግን አየህ፣ በእነሱ ስም የሚመጣው ማጣሪያ መጀመሪያ የሚያንኳኳው የእነሱን በር አይደለም። እነሱ ወረቀታቸው ሁሌም የተሟላ ነው፣ ለዚያ የሚከፍሉት ሰው አላቸው። ወረቀቷ የጎደለው እትዬ እገሌ ናት፣ እንጀራ ሸጣ የምታድረው።

ታዲያ ምን እናድርግ? ማልቀሱን እንተወውና የሚሠራውን እንነጋገር።

የ1952ቱ የፍትሐብሔር ሕግ አርጅቷል ብለህ አትናቀው። ተቀባዩ ያለ በቂ ምክንያት ክፍያ አልቀበልም ካለ፣ ከፋዩ ገንዘቡን በአደራ አስቀምጦ ከዕዳው የሚወጣበት መንገድ በዚያ ሕግ ውስጥ አለ። እዚያ ድረስ መሄድ ባትፈልግ እንኳ፣ ቢያንስ እምቢታውን በጽሑፍ አድርገው። «ኪራይ ለመክፈል በዚህ ቀን መጥቼ በዚህ ምክንያት አልተቀበላችሁኝም» የሚል አንድ ገጽ ማመልከቻ ጻፍ፣ ሁለት ኮፒ ይዘህ ሂድ፣ አንዱን መዝገብ ቤት ገቢ አድርገህ በሌላው ላይ ማህተምና ቁጥር አስመታ። አንድ ኮፒ የሚነሳው በጥቂት ብር ነው። «ማህተም አንመታም» ካሉህ ከጎረቤት ሁለት ሰው ይዘህ ተመለስ፣ ቀኑንና ሰዓቱን ጽፈህ አስፈርማቸው። በዓመቱ ውዝፍ ሲሉህ ያቺን ወረቀት ታወጣለህ። እኔ ይሄን ካደረግሁ በኋላ ነው ለእናቴ «ይጠብቁ» ይሏት የነበሩ ሰዎች ወንበር የሰጧት።

ደረሰኝ ሳይቆረጥልህ ከመስኮቱ አትነሳ። ምን ወር እንደከፈልክ በፊደል ይጻፍበት። በየጊዜው ለሚከፈል ዕዳ፣ የኋለኛውን ጊዜ ደረሰኝ ያለ ምንም ማሳሰቢያ ከሰጡህ የቀደመው እንደተከፈለ ይገመታል፣ ይሄም በዚያው ሕግ ውስጥ ነው። ስለዚህ አንዲት አሮጌ ቅጠል እንኳ እንዳትጥል። በስልክህ ፎቶ አንሳና ለእህትህም ላክላት፣ ስልክ ይሰረቃል።

እውነተኛ ውዝፍ ያለበት ሰውስ? አለ፣ ምን ይደረግ፣ ታሞ የከረመ፣ ዓረብ ሀገር ሄዶ የተመለሰ፣ ቤቱን ለአሮጊት ትቶ የጠፋ። እሱ ደግሞ ከመሸሽ ይልቅ ቀድሞ ይሂድ። ዝርዝሩን በየወሩ ተለይቶ ይጠይቅ፦ ዋናው ስንት፣ ቅጣቱ ስንት፣ በየትኛው መመሪያ። ጥቅል ቁጥር ብቻ ጽፈው «እዚህ ጋ ፈርም» ካሉት እንዳይፈርም። ፊርማ ማለት ዕዳውን አምኛለሁ ማለት ነው። በአንዴ መክፈል ካልቻለ ከፋፍሎ እንዲከፍል በጽሑፍ ይጠይቅ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበል። በፍትሐብሔር ሕጉ አከራይ ኪራይ ዘገየ ብሎ በማግስቱ ውል አያፈርስም፣ መጀመሪያ ማስጠንቀቂያና መክፈያ ጊዜ ይሰጣል። በር ላይ ወረቀት ሲለጠፍ ደንግጠህ ዕቃ አታውጣ። ወረቀቱን አንብበው፣ ቀኑን እየው፣ ፎቶ አንሳው።

ከጽሕፈት ቤቶቹ የምንፈልገው ደግሞ ሰማይ አይደለም። የስም ዝውውር እስኪያልቅ ድረስ ቤቱ ውስጥ ከሚኖረው ቤተሰብ ኪራዩን ተቀበሉ፣ «ጉዳዩ በሂደት ላይ ያለ» ብላችሁ ደረሰኝ ቁረጡ። ይሄ አዲስ በጀት አይጠይቅም፣ እስክሪብቶ ነው የሚጠይቀው። አልቀበልም ስትሉ ምክንያታችሁን ጽፋችሁ ፈርሙ። በየዓመቱ ሰኔ ላይ ከእያንዳንዱ ሰፈር ስንት ኪራይ እንደተሰበሰበና በምን ላይ እንደዋለ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 የሀገሪቱ አቅም በፈቀደ መጠን ዜጋው መኖሪያ ቤት እንዲያገኝ ፖሊሲ ይነደፋል ይላል። እሺ፣ አቅም የለም በሉ፣ እንታገሥ። 18 ብር ለመቀበል ግን ምን አቅም ያስፈልጋል?

እናንተ ወጣቶች ደግሞ፣ በተለይ እንደ እኔ ተመርቃችሁ እቤት የተቀመጣችሁ፣ ቢያንስ ጊዜ አለን አይደል? በግቢያችሁ ውስጥ ማንበብ የማይችሉ፣ መስኮቱ ፊት ሲቆሙ ድምፃቸው የሚጠፋ እናቶች አሉ። ቅዳሜ ከሰዓት ደብተራቸውን አምጡ በሏቸው። ወሩን በወር ደርድሩላቸው፣ የጎደለውን ምልክት አድርጉ፣ ማመልከቻውን ጻፉላቸው፣ ሰኞ ጠዋት አብራችኋቸው ሂዱ። ሦስት አራት ሆናችሁ ሂዱ። አትሳደቡ፣ ጠረጴዛ አትምቱ፣ ሠራተኛውም የሰው ልጅ ነው፣ ብዙ ጊዜ እሱም ተከራይ ነው። ዝም ብላችሁ ማህተሙን ጠብቁ።

ኮሜንት ላይ የቤት ቁጥርም ሆነ የሠራተኛ ስም እንዳትጽፉ። ሁለት ቁጥር ብቻ ጻፉ፦ የቤታችሁ ኪራይ በወር ስንት ነው፣ እሱን ለመክፈል ስንት ጊዜ ተመለሳችሁ? እኔ ልጀምር። 18 ብር፣ 9 ጊዜ።