የሕዝብ አስተዳደር ትምህርትና የኃላፊው ጠረጴዛ

የዕውቀት ምንጩም መፈተኛውም ተግባር መሆኑ ብዙ ጊዜ የተነገረ ነገር ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ የተነገረ ሁሉ ብዙ ጊዜ ተሠርቶበታል ማለት አይደለም። በተለይ የሕዝብ አስተዳደርን በሚመለከት ትምህርቱ በአንድ መንገድ፣ አስተዳደሩ ደግሞ በሌላ መንገድ ሲጓዙ እናያለን። ተማሪው ስለ ሥልጣን ተዋረድ፣ ስለ ሥራ ክፍፍልና ስለ ቁጥጥር ስፋት ጽፎ ጥሩ ውጤት ያገኛል፤ ባለጉዳዩ ግን ከመሥሪያ ቤቱ ደጃፍ «ነገ ተመለስ» እየተባለ ይውላል። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት እንዴት ይጠባል? በዚህ ጽሑፍ የምናነሳው ጥያቄ ይኸው ነው።

ርቀቱን ለማጥበብ ከሚያገለግሉ የትምህርት ዘዴዎች አንዱ ተማሪው ወደ አንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሄዶ አንድን የቅርብ ኃላፊ በቃለ ምልልስ እንዲጠይቅና የሰማውን መርምሮ እንዲጽፍ ማድረግ ነው። ዘዴው ቀላል ይመስላል፤ ብዙዎችም እንደ ተራ የቤት ሥራ ይመለከቱታል። በእኛ አመለካከት ግን በሚገባ ከተሠራበት አንድ ሙሉ የትምህርት ዓመት የማያስተምረውን ያስተምራል። በዘልማድ ከተሠራበት ደግሞ በግድግዳ ላይ የተለጠፉትን መፈክሮች ወደ ደብተር ከመገልበጥ አያልፍም።

በመጀመሪያ «ለምን የቅርብ ኃላፊውን?» ለሚለው መልስ እንስጥ። የበላይ ኃላፊው ስለ ፖሊሲው ይናገራል፤ የበታች ሠራተኛው ስለ ዕለት ሥራው ይናገራል። ሕጉና ሰው ፊት ለፊት የሚገናኙት ግን በመካከል ባለው በቡድን መሪው ጠረጴዛ ላይ ነው። ከላይ መመሪያ ይወርድለታል፤ ከታች አቤቱታ ይወጣለታል። ሁለቱ ሳይጣጣሙ ሲቀሩ አጣጥሞ መፈረም ወይም ወረቀቱን ማሳደር የእርሱ ድርሻ ነው።

ይህን ጉዳይ የዘርፉ ሊቃውንትም ተገንዝበውታል። ጀርመናዊው ማክስ ቬበር ካረፈ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1922 በታተመው ሥራው፣ ዘመናዊ አስተዳደር በተዋረድ፣ በተጻፈ ደንብና በመዝገብ ላይ የቆመ መሆኑን አብራርቷል። ሆኖም ደንቡ በሰው እጅ ሲገባ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ወደ ሰዎቹ መሄድ ግድ ነበር። አሜሪካዊው ኸርበርት ካውፍማን እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው ጥናቱ በአምስት ወረዳዎች የነበሩ የመንግሥት ደን ኃላፊዎችን በሥራ ቦታቸው ተገኝቶ አነጋገረ፤ አሠራራቸውንም ተመለከተ። ከማዕከል እጅግ ርቀው የሚሠሩት እነዚህ ሰዎች መመሪያን እንደ ራሳቸው ፈቃድ አድርገው የሚፈጽሙት በዕለት መዝገብ፣ በተቆጣጣሪ ጉብኝት፣ ከቦታ ወደ ቦታ በሚደረግ ዝውውርና በመሳሰሉት ስልቶች ተቀርጸው መሆኑን አሳየ። ማይክል ሊፕስኪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980 ባወጣው መጽሐፍ መምህሩ፣ ፖሊሱና የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛው በሥራ ብዛት ተጨናንቀው የሚፈጥሩት የዕለት ተዕለት ልማድ በተግባር የመንግሥት ፖሊሲ ሆኖ እንደሚገኝ አስረዳ።

ወደ አገራችንም ስንመለስ ይህ አካሄድ እንግዳ አይደለም። ካረፉ በኋላ በ1916 ዓ.ም. የታተመውን «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» የተባለውን መጽሐፍ የጻፉት ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ የባቡር ሐዲድ ተቆጣጣሪ፣ በኋላም የድሬዳዋ ነጋድራስ ሆነው ያገለገሉ ሰው ነበሩ። ስለ ኬላና ስለ ቀረጥ የጻፉት ሰው የመንግሥትን ሥራ ከውጭ ብቻ የተመለከቱ አልነበሩም። ለአገራችን የአስተዳደር ጽሑፍ መሠረት ከጣሉት አንዱ የሆኑት እኒህ ሰው ራሳቸው ከጠረጴዛው ኋላ የተቀመጡ መሆናቸውን ልብ ማለት ያሻል።

ስለዚህ ጉዳይ ስንጽፍ ከራሳችን ስሕተት ብንነሳ ተገቢ ይሆናል። ትምህርቱን በጀመርንበት ወቅት እኛም በአንድ ወረዳ የልደትና የሌሎች ኩነቶች ምዝገባ የሚካሄድበትን ክፍል ኃላፊ እንድንጠይቅ ታዝዘን ነበር። ጥያቄዎቻችንን ከመጽሐፍ ቀድተን በቁጥር ደርድረን ሄድን። «የሚከተሉት የአመራር ስልት ምን ዓይነት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። «አሳታፊ» አሉን። «ከሠራተኞችዎ ጋር ያለዎት ግንኙነትስ?» «በመግባባት ላይ የተመሠረተ።» ጥያቄው ከመጽሐፍ፣ መልሱም ከመጽሐፍ ሆኖ ግማሽ ሰዓት አለፈ። ደብተራችን ሞላ፤ ያወቅነው ነገር ግን አልነበረም።

በዚህ መካከል አንዲት አሮጊት የስድስት ዓመት የልጅ ልጃቸውን እጅ ይዘው ገቡ። የልጁ እናት ለሥራ ወደ ዓረብ አገር ሄዳለች፤ አባቱ ያለበት አይታወቅም። ትምህርት ቤቱ የልደት ምስክር ወረቀት ጠይቋል። መዝጋቢው ደግሞ የወላጆቹ መታወቂያ ካልቀረበ አልመዘግብም በማለት ሦስት ጊዜ መልሷቸዋል። «ልጄ፣ እኔ እናቱን ከየት ላምጣት?» አሉ አሮጊቷ።

ኃላፊው መመሪያውን ከመሳቢያ አውጥተው አነበቡ፤ መዝጋቢውንም ጠሩት። ወላጆች በሌሉበት ልጁን የሚያሳድግ ሰው ቀርቦ ማስመዝገብ የሚችልበት መንገድ በመመሪያው ውስጥ ተጽፎ ነበር። መዝጋቢውም አልካደም፤ «አውቃለሁ፤ ግን ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» አለ። ኃላፊው በወረቀቱ ጎን ጽፈው ፈረሙና «እማማ፣ ይቀመጡ፤ ዛሬ ይጨርሳሉ» አሏቸው።

አሮጊቷ ከወጡ በኋላ ደብተራችንን ዘግተን «ልጁ ሦስት ጊዜ የተመለሰው ለምንድን ነው?» ብለን ጠየቅን። ከመጽሐፍ ያልተቀዳ የመጀመሪያው ጥያቄያችን ይህ ነበር። መልሳቸውም እንዲህ ነበር፦ «ሠራተኛው ክፉ ሰው አይደለም። ባለፈው ዓመት አንድ ማስረጃ የጎደለው ወረቀት ፈርሞ በቁጥጥር ሪፖርት ስሙ ተነሳ። አሮጊት መልሶ የተጠየቀ ሠራተኛ ግን በዚህ ቤት አላየሁም። እሺ ያለ ይጠየቃል፤ እምቢ ያለ አይጠየቅም።»

በዚህች አንዲት ዓረፍተ ነገር ውስጥ የተሸከመው ዕውቀት ስንት ነው! ቢሮክራሲያዊ አሠራር የሚባለውን በሽታ ብዙውን ጊዜ በሠራተኛው የሥነ ምግባር ጉድለት እናመካኛለን። የጉድለቱ መኖር አይካድም። ነገር ግን ቁጥጥሩ በአንድ ወገን ብቻ ሲመዝን፣ ማለትም በስሕተት የተፈቀደውን እየቈጠረ በስሕተት የተከለከለውን ሳይቈጥር ሲቀር፣ ጠንቃቃ ሠራተኛ ሁሉ ከልካይ ሆኖ ቢገኝ ሊያስገርመን አይገባም። መዝጋቢው ራሱን ከጥፋት ጠበቀ፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን አሮጊቷና ሕፃኑ ናቸው።

እዚህ ላይ ብናቆም ጽሑፋችን የኃላፊውን ውዳሴ ብቻ ይሆን ነበር። እኛ ግን ገቢና ወጪ የሚመዘገብበትን መዝገብ እንድናይ ለመንን፤ ፈቀዱልን። የቀኖቹን ማኅተም ስናመሳክር ከመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ በአንድ ቀን ያለፉ በርካታ ወረቀቶች በራሳቸው በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሳምንት ያህል ማደራቸውን አየን። ይህን ስንነግራቸው ዝም አሉ። ቆይተውም «ስብሰባና ሪፖርት ቀኔን ይበሉታል፤ እንዲህ መሆኑን ግን ቈጥሬው አላውቅም ነበር» አሉ። ስለ ሌላው ድክመት አጥርተው የተናገሩ ሰው የራሳቸውን ያዩት መዝገብ ሲናገር ነው። ቃለ ምልልስ ያለ መዝገብ ምርመራ ግማሽ እውነት መሆኑን የተማርነው ያን ቀን ነው።

እንግዲህ ጉዳዩ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ ነውን? አይደለም። በ1900 ዓ.ም. ሚኒስቴሮች ከተቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ የአገራችን አስተዳደር ብዙ ማሻሻያ አይቷል። በ1954 ዓ.ም. የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ደንብ ለመምራት ማዕከላዊ መሥሪያ ቤት ቆመ። በ1980ዎቹ መጨረሻ በአምስት ንዑስ ፕሮግራሞች የተከፈለ የሲቪል ሰርቪስ ማሻሻያ ተነደፈ። ከዚያም የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ፣ ውጤት ተኮር ምዘናና የዜጎች ቻርተር ተከታትለው መጡ። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆንና ኃላፊነቱን ያጓደለ እንዲጠየቅ ተደነገገ፤ በአዋጅ ቁጥር 211/1992 የእንባ ጠባቂ ተቋም ተመሠረተ። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ልዩ ልዩ አገልግሎቶችን በአንድ ጣሪያ ሥር የሚያሰባስበው የመሶብ ማዕከል ሥራ ጀመረ።

የእነዚህን ጥረቶች ዋጋ አናሳንስም። ይሁንና ወረቀቱን ወደ ኮምፒዩተር ማዛወር ብቻውን ፍርሃትን አያስወግድም። «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» የሚለው ጥያቄ ያልተመለሰለት ሠራተኛ በወረቀት እንደ ከለከለ ሁሉ በኮምፒዩተርም ይከለክላል። ማሻሻያ የሚነድፉ ሰዎች ይህን የሚያውቁት የቅርብ ኃላፊውን ጠጋ ብለው የጠየቁ እንደሆነ ነው። የዛሬው ተማሪ ደግሞ የነገ ማሻሻያ ነዳፊ ነው።

በዚህ አቋም ላይ ሁለት ተቃውሞዎች ሊነሱ ይችላሉ። አንዳንዶች «የአንድ ሰው ቃል ሳይንስ አይሆንም» ይላሉ። እውነት ነው፤ በአንድ ወረዳ የታየውን የአገር ሁሉ መልክ ነው ማለት ስሕተት ይሆናል። ነገር ግን ቃለ ምልልሱ የሚፈለገው የበሽታውን ስፋት ለመለካት ሳይሆን አሠራሩን ለመረዳት ነው። ሰንጠረዥ ስንት ባለጉዳይ እንደ ተመለሰ ይነግረናል፤ ለምን እንደ ተመለሰ ለማወቅ ግን መላሹን መጠየቅ አለብን። ሌሎች ደግሞ «ኃላፊው ከበላዮቹ ፈርቶ እውነቱን አይናገርም» ይላሉ። ይህኛው ክብደት ያለው ተቃውሞ ነው። መፍትሔው ግን ጥያቄውን መተው አይደለም፤ ለሚናገረው ሰው ከለላ መስጠትና የተናገረውን ከሌላ ማስረጃ ጋር ማመሳከር ነው።

ከዚህ በመነሣት የሚከተሉትን ነጥቦች እናቀርባለን።

አንደኛ፣ ተማሪው ስለ አመራር ስልት ሳይሆን ስለ አንድ የተወሰነ ጉዳይ ይጠይቅ። አንድ ማመልከቻ ከገባበት እስከ ወጣበት ድረስ በማን እጅ አለፈ? የት አደረ? ለምን?

ሁለተኛ፣ የኃላፊውን ቃል ከመዝገቡ፣ ከሠራተኛውና ከደጅ ከሚጠብቀው ባለጉዳይ ቃል ጋር ያመሳክር። ባለጉዳዩን ያልጠየቀ የአስተዳደር ጥናት በሽተኛውን ሳያይ መድኃኒት እንደሚያዝ ሐኪም ነው።

ሦስተኛ፣ የተናጋሪውንም የባለጉዳዩንም ስም ይጠብቅ። ለትምህርት የተነገረ ቃል ለበላይ አካል ክስ መነሻ ከሆነ የሚቀጥለው ተማሪ የሚያገኘው የተዘጋ በር ነው።

አራተኛ፣ መምህራን ከየቤቱ የመጣውን ጽሑፍ አርመው በመደርደሪያ አያከማቹት። ስሙ ተሰውሮ ወደ መሥሪያ ቤቶቹ ይመለስ፤ ውይይት ይደረግበት።

አምስተኛ፣ የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎች ለተማሪው አንድ ሰዓት መስጠትን እንደ ችሮታ አይቊጠሩት። የሚጠይቅ ሰው ሲመጣ የራስን ጠረጴዛ በሌላ ዐይን ለማየት የሚገኝ ዕድል ነው።

ከሁሉም በላይ ግን አንድ ነገር እንዲታረም እንጠይቃለን፦ ያለ አግባብ የተፈቀደው እንደሚቈጠር ሁሉ ያለ አግባብ የተከለከለውም ይቈጠር። የቁጥጥር ሪፖርት ስንት ጉድለት ያለበት ወረቀት እንደ ተፈረመ ሲዘረዝር፣ ሕጉ እየፈቀደላቸው ስንት ሰዎች ባዶ እጃቸውን እንደ ተመለሱም ይዘርዝር።

ያን ጊዜ መዝጋቢው «ኃላፊነቱን ማን ይወስዳል?» ማለቱን ይተዋል፤ መመሪያውን ከመሳቢያ የሚያወጣውም ኃላፊው ብቻ አይሆንም። የሕዝብ አስተዳደር ትምህርት ለሕዝብ የሚበጀው ከጠረጴዛው ኋላ ያለውንም፣ ከጠረጴዛው ፊት የቆመውንም ሰው አድምጦ ሲመለስ ብቻ ነው እንላለን።