የትኛዋ ነሽ?

ዓርብ ማታ ነው። ከዋሽንግተን ዲሲ ወጣ ብሎ፣ ሜሪላንድ ውስጥ በሚገኝ አንድ ሃይስኩል የአሜሪካ ፉትቦል ተጫዋቾች ለእረፍት ወጥተው ሜዳው ለባንዱ ተለቋል። ጃኬቷ ላይ ነጠላ የጣለች አንዲት እናት ስልኳን ከፍ አድርጋ ይዛለች። ፊት ለፊቷ ከመቶ በላይ ልጆች አንድ ዓይነት ኮት ለብሰው፣ ላባ የተሰካበት አንድ ዓይነት ባርኔጣ እስከ ቅንድባቸው ደፍተው ቆመዋል። ሰባት ደቂቃ ሙሉ እጇ ሳይዝል አንዲት ክላሪኔት ተጫዋች ስትቀርጽ ቆየች። ቤት ገብተው ቪዲዮው ሲከፈት ልጇ በሳቅ ፈረሰች። የተቀረጸችው የሌላ ሰው ልጅ ነበረች።

«ታዲያ የትኛዋ ነሽ?»

«ማሚ፣ 40 ያርዱ ላይ ያለሁት ነኛ!»

መልሱ ለእናትየዋ ምንም አልነገራትም። ለባንዱ ልጆች ግን ከዚህ የተሻለ መታወቂያ የለም። ማርሽ ባንድ ውስጥ ሰው የሚታወቀው በመልኩ ሳይሆን በነጥቡ ነው። ትርኢቱ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በካርታ የተነደፈ ነው፤ እያንዳንዱ ቅርጽ ላይ እያንዳንዱ ልጅ የሚቆምበት ነጥብ አለው። «በግራ በኩል፣ ከ40 ያርድ መስመር ሁለት እርምጃ ወደ ውጭ፣ ከፊተኛው ጠርዝ አሥራ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ» ይላል አንዱ። በ16 ምት ውስጥ ከዚያ ተነስቶ ወደሚቀጥለው ይደርሳል፤ ከዚያ ወደሌላው፤ አንድ ትርኢት ውስጥ እንዲህ ያለው ነጥብ በብዙ አሥሮች ይቆጠራል። እርምጃውም እንደየእግሩ ርዝመት አይደለም። በተለመደው አካሄድ አምስት ያርድ በስምንት እርምጃ ይሸፈናል፤ አንዱ እርምጃ 57 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። ረጅሙም አጭሩም ያችኑ 57 ይረግጣል። ወደፊት ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ወደኋላም፣ ወደጎንም፣ ክላሪኔቱ ከከንፈር ሳይነሳ።

ነገሩ የሚከብደው ሙዚቃው ሲጨመርበት ነው። ድምፅ በሴኮንድ 340 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሜዳው ከጎል መስመር እስከ ጎል መስመር 91 ሜትር ነው። አንዱ ጫፍ ላይ የተመታ ከበሮ ሌላው ጫፍ ላይ ለቆመው ልጅ የሚደርሰው ሩብ ሴኮንድ አልፎ ነው። ሩብ ሴኮንድ ምን አላት ያለ ሰው ይቁጠረው፤ ሙዚቃው በደቂቃ 160 ምት የሚሄድ ከሆነ ሩብ ሴኮንድ የአንድ ምት ሁለት ሦስተኛ ነው። ስለዚህ ርቆ ቆሞ ከሰማው ከበሮ ጋር ልሂድ ያለ ልጅ ዘግይቶ ይገኛል። መድረክ ላይ ቆሞ ባንዱን የሚመራው ድራም ሜጀር እጁን እንዲያ የሚያወናጭፈው ለጌጥ አይደለም። ሙዚቃ ሊያስተምር የተቀጠረው ሰው «ጆሮሽን አትመኚ፣ እጁን እዪ» ብሎ ሲጮህ መስማት መጀመሪያ ላይ ግራ ያጋባል።

ይህን ሁሉ የሚለምዱት ትምህርት ሳይከፈት ነው። ነሐሴ ላይ አገሩ በሙቀት ሲቃጠል ለአንድ ወይም ለሁለት ሳምንት «ባንድ ካምፕ» የሚሉት አለ። ልጆቹ ጀሪካን የሚያህል የውኃ ኮዳ ታቅፈው፣ አፍንጫቸውን ክሬም ቀብተው በጠዋት አስፋልት ላይ ይሰለፋሉ። በየአሥር ደቂቃው አንዲት ቃል ትሰማለች፤ «ድገሙት»። «ክረምት ላይ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት ነው?» ያለችው እናት አንድ ቀን ልጇን ልታመጣ ቀድማ ደርሳ፣ አንዲት መዞሪያ ለግማሽ ሰዓት ስትደጋገም አይታ ከመኪናዋ ሳትወርድ ቀርታለች። ልምምዱ መረን እንዳይወጣ ገደብ ያበጁለት ክፍለ ሀገሮች አሉ። ባንድ እንደ ሃይማኖት በሚያዝባት ቴክሳስ፣ ትምህርት ባለበት ሳምንት ከክፍል ሰዓት ውጭ የሚደረገው ልምምድ ከስምንት ሰዓት እንዳይበልጥ ደንብ ወጥቷል። ደንብ ማስፈለጉ ራሱ ብዙ ይናገራል።

ማርሽ ባንድ የተወለደው ከወታደር ቤት ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1880 እስከ 1892 የአሜሪካ ባሕር ወለድ ጦርን ባንድ የመራው ጆን ፊሊፕ ሱዛ፣ ከዚያ ወጥቶ የራሱን ባንድ ሲያቋቁም ከባዱን የባስ ድምፅ ወደላይ የሚያፈስ መሣሪያ እንዲሠራለት አዘዘ። በ1893 የተሠራው ያ ትከሻ ላይ የሚጠመጠም ነሐስ በስሙ ሱዛፎን ተባለ። ዛሬ የማርሽ ባንድ ምልክት ሆኖ የሚታየው መሣሪያ ሲታዘዝ ለአዳራሽ ኮንሰርት እንጂ ለሰልፍ አልነበረም። ባንዱ ከሰልፍ ወደ ሥዕል የተሸጋገረበት ዘመንም ሩቅ አይደለም። በ1907 የፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ባንድ የወታደር ረድፉን አፍርሶ ሜዳ ላይ የትምህርት ቤቱን መጀመሪያ ፊደል ሠራ።

በእረፍቱ ሜዳ ላይ በኅብረት የሚጨፍረው የልጃገረዶች ቡድን፣ ድሪል ቲሙ፣ ደግሞ ሌላ ወላጅ አለው፤ ወላጁም ሴት ናት። ገሲ ኔል ዴቪስ ቴክሳስ ውስጥ ግሪንቪል በሚባል ከተማ የሃይስኩል ልጃገረዶችን ስታሰለጥን ከቆየች በኋላ ኪልጎር ኮሌጅ ጠራት። ኮሌጁ ሴት ተማሪዎችን መሳብ፣ በእረፍቱም ተመልካቹን ከወንበሩ እንዳይነሳ ማድረግ ፈልጎ ነበር። «ሬንጀሬትስ» ያለቻቸው ልጆች በመስከረም 1940 ሜዳ ገቡ። እግራቸውን እኩል ወደ ሰማይ የሚወረውሩት፣ ክንድ ለክንድ ተያይዘው እንደ አንድ በር የሚዞሩት የዛሬዎቹ የሃይስኩል ድሪል ቲሞች የእነሱ የልጅ ልጆች ናቸው። ከባንዱ ጎን ባንዲራ የሚያውለበልቡት ከለር ጋርዶችም የእንጨት ጠመንጃ አየር ላይ አሽከርክረው ሲቀልቡ፣ የጣት ፋሻቸው ምን ያህሉን እንደሳቱት ይመሰክራል።

አንድ ትዝብት ይጨመር። ፉትቦል ቡድኑ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ የተቀያሪ ወንበር አሙቆ የሚጨርስ ልጅ አለ። ባንዱ ውስጥ ግን አብዛኛውን ጊዜ ተቀያሪ የሚባል ነገር የለም። ጎበዙም ሰነፉም ይገባል፤ አንዱ ከታመመ ነጥቡ ባዶ ይቀራል፤ የሠሩት ክብ ጥርሱ የወለቀ አፍ ይመስላል። ልጆቻቸው ሒሳብና ሳይንስ ላይ ብቻ እንዲያተኩሩ የሚፈልጉ ብዙ አበሻ ወላጆች ይህን «ጨዋታ» ይሉታል። ጨዋታ ይሁን። ነገር ግን 15 ዓመት የሆናት ልጅ «ዛሬ ካልሄድኩ ቦታዬ ባዶ ነው» ብላ በራሷ ከአልጋ የምትነሳበት ሌላ የትምህርት ዓይነት የሚያውቅ ካለ ይናገር።

ይህ ማለት ነውር የለበትም ማለት አይደለም። ክፍያው በመቶዎች ዶላር ይቆጠራል፤ ትልልቅ ውድድር የሚከታተሉት ዘንድ ከሺህ ይዘላል። በየኅዳሩ ኢንዲያናፖሊስ ለሚደረገው አገር አቀፍ ፍጻሜ በከባድ መኪና መድረክ ጭነው የሚሄዱ አሉ፤ ያኔ ልጅ ማስተማሩና ዋንጫ ማሳደዱ ይቀላቀላል። «የእኛ» መባባል ሲጠነክርም ሊመርዝ ይችላል። በ2011 ፍሎሪዳ ውስጥ የአንድ ስመ ጥር የዩኒቨርሲቲ ባንድ ድራም ሜጀር፣ አውቶቡስ ውስጥ በገዛ ጓደኞቹ የማስገቢያ ድብደባ ሕይወቱ አልፏል።

ለኢትዮጵያ ጆሮ የነሐስ ድምፅ እንግዳ አይደለም። በ1924 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው 40 የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች፣ ከመሪያቸው ከኬቮርክ ናልባንዲያን ጋር አዲስ አበባ ገብተው «አርባ ልጆች» ተብለዋል፤ የንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ብሔራዊ መዝሙርም ዜማው የናልባንዲያን ነው። ሜሪላንድ ያለችው እናት ግን ትዝ ያላት ሌላ ነው። ልጇ ነጥቦቿን ስታሳያት «እህ፣ ይሄማ ደመራ ነው!» አለች። እሷም በወጣትነቷ የሰንበት ትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን ለብሳ መስቀል አደባባይ ላይ ከጓደኞቿ ጋር ቅርጽ ሠርታለች፤ ከፊት ያለችውን ልጅ ትከሻ እያየች፣ መስመሯን ላለማጣት ከንፈሯን ነክሳ።

በሚቀጥለው ዓርብ መስመሮቹን ከጫፍ ቆጥራ ስልኳን 40 ያርዱ ላይ አነጣጠረች። ክላሪኔቶቹ ጀርባቸውን ሰጥተው መጡ፤ አንዷ እግሯን ገትራ ነጥቧ ላይ ቆመች። በዚህ ጊዜ የተቀረጸችው ትክክለኛዋ ናት፤ ከወገቧ በታች ብቻ ቢሆንም።

በፀደይ ወራት ኮቱ በቁጥሩ ተመዝግቦ ተመለሰ፤ ባንዱም አዳራሽ ገባ። በኮንሰርቱ ምሽት ልጆቹ ባርኔጣ ሳይደፉ፣ ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ ፊታቸው በመብራት ፍንትው ብሎ ይታያል። እናትየዋ ልጇን ገና ከበሩ ለየቻት። ቪዲዮው ላይ ግን ከመጀመሪያው ቁራጭ እስከ መጨረሻው የሚታየው ከፊቷ የተቀመጠው የአንድ ረጅም አባት ራስ ነው።