ያደገውን መጽሔት ከደጅ ስለሚመልስ ሽልማት

ደክሞ የሠራን ሰው ማክበር መልካም እንደ ሆነ የሚክድ አይገኝም። ክርክር የሚነሣው ክብሩ በምን ሚዛን ይሰጥ በሚለው ላይ ነው። ሚዛኑ የተንጋደደ እንደ ሆነ ግን ሽልማቱ ያልተሸለመውን ያሳዝናል፤ የተሸለመውንም ያሳፍራል። እኛም ዛሬ በውጭ አገር የሳይንስና የምናብ ልብ ወለድ ለሚያወጡ መጽሔቶች ስለሚሰጥ አንድ ሽልማት እንጽፋለን። ነገሩ ከሩቅ የመጣ ቢሆንም፥ መጽሔት በፍቅርና በጥቂት ገንዘብ እንዴት እንደሚቆም የሚያውቅ አንባቢ ሁሉ በቶሎ ይረዳዋልና። ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፈናል።

ሽልማቱ ሂዩጎ ይባላል። የሚሰጠውም የዓለም የሳይንስ ልብ ወለድ ማኅበር በየዓመቱ በሚያደርገው ጉባኤ ሲሆን፥ መራጮቹ የማኅበሩ አባሎች ናቸው። መጀመሪያ የተሰጠው በ1953 በፊላደልፊያ ነው። ስሙን ያገኘውም በሉክሰምበርግ ተወልዶ በአሜሪካ ከኖረው ከሂዩጎ ገርንስባክ ነው፤ ይህ ሰው በ1926 «አሜዚንግ ስቶሪስ» የተባለውን፥ ለሳይንስ ልብ ወለድ ብቻ የተለየውን መጽሔት አቋቁሟልና። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ ነገር ግን ገርንስባክ ለደራስያን የሚከፍለው ዋጋ ጥቂት፥ እርሱም የዘገየ ስለ ነበረ፥ ደራሲው ላቭክራፍት «አይጡ ሂዩጎ» ብሎ ሰድቦታል። እንግዲህ በአከፋፈሉ የታማው ሰው ስም፥ ማን ከፈለ ማን አልከፈለ እያለ መጽሔትን ከመጽሔት በሚለይ ሽልማት ላይ መቀመጡ የሚያስገርም ነው።

የነገሩ አመጣጥ እንዲህ ነው። ቀድሞ ለባለሙያዎች መጽሔት አንድ ሽልማት ነበረ፤ ወዳጆች ለፍቅር ብለው ለሚያወጡትም፥ «ፋንዚን» ለሚባለው፥ ከ1955 ጀምሮ ሌላ ተሰጠ። በ1973 ግን የባለሙያዎቹ መጽሔት ሽልማት ተሽሮ በአዘጋጁ ሰው ተተካ። በ1968 የተመሠረተው «ሎከስ» የተባለው የወሬ መጽሔት ከወዳጆች ተራ አድጎ ሳለ የፋንዚኑን ሽልማት ደጋግሞ ይወስድ ስለ ነበረ፥ በ1984 መካከለኛ ስፍራ ተከፈተ። ይህም «ሴሚፕሮዚን» ተባለ፤ ከወዳጆች መጽሔት የሚበልጥ፥ ከባለሙያዎች መጽሔት የሚያንስ ማለት ነው። ከ1984 እስከ 2012 ከተሰጡት 29 ሽልማቶች 22ቱን ያው ሎከስ ወሰደ።

በዚህ ምክንያት የተሰለቹ ሰዎች በ2008 ሽልማቱ ይሻር ብለው አስወሰኑ። የማኅበሩ ሕግ የሚለወጠው ሁለት ጉባኤዎች በተከታታይ ሲስማሙበት ስለ ሆነ፥ በ2009 የተሰበሰበው ጉባኤ አሳቡን ጣለው፤ መልካምም አደረገ። አንዱ ሯጭ ብዙ ጊዜ ስለ ቀደመ ሩጫው ይቅር ማለት፥ ከኋላ ኃይሉን ሲያጠራቅም የቆየውን መበደል ነውና። በዚያው በ2009 «ዊርድ ቴልስ» አሸነፈ፤ በ2010ና በ2011 ደግሞ «ክላርክስወርልድ» ተከተለ። ሻሪዎቹ ቢሰሙ ኖሮ ዛፉ ሊያፈራ ሲል በተቆረጠ ነበር።

ይሁን እንጂ ከመሻር የዳነው ሽልማት ኋላ በአዲስ አጥር ታጠረ። ዛሬ በሚሠራበት ደንብ፥ አንድ መጽሔት ከሠራተኞቹ ለአንዱ እንኳ የገቢውን አራተኛ እጅ ያስገኘ እንደ ሆነ፥ ወይም ለሠራተኞቹ ይህን ያህል የሚከፍል ድርጅት ንብረት እንደ ሆነ፥ «ባለሙያ» ተብሎ ከዚህ ውድድር ይወጣል። የሚወጣው ወዴት ነው? የባለሙያዎቹ መጽሔት ሽልማት በ1973 ተሽሯልና ወደ የትም አይደለም። ሎከስ ከ2012 በኋላ፥ ክላርክስወርልድ ከ2013 በኋላ፥ «ላይትስፒድ»ም ከ2015 በኋላ የደረሰባቸው ይህ ነው። ከሁለት ያጣ ጎመን ማለት እንዲህ ያለው ነው።

የደንቡ ጠበቆች፥ ገንዘብ ያለው ከሌለው ጋር ቢሮጥ ደካማው ይረገጣል ይላሉ። ይህ አሳብ ከንቱ አይደለም። በ2000 የተመሠረተው «ስትሬንጅ ሆራይዝንስ» አዘጋጆቹ ያለ ደመወዝ የሚደክሙበት፥ በምጽዋት የሚቆም መጽሔት ሆኖ በ2024 ማሸነፉ ደስ ያሰኛል። የጥቁር ደራስያንን ሥራ የሚያወጣው «ፋያ»ም በ2021 ተሸልሟል። ለእንዲህ ያሉት መካከለኛው ስፍራ ይጠበቅላቸው፤ ይሻር የምንል አይደለንም። ነገር ግን አጥሩ የታሰበለትን ሥራ አልሠራም። ከ2016 እስከ 2023 ከተሰጡት 8 ሽልማቶች 7ቱን «አንካኒ» የተባለ አንድ መጽሔት ወስዷል። እርሱ አሸናፊነቱን በሥራው አግኝቶታልና አይነቀፍም፤ የሚነቀፈው አጥር ተራን ያዳርሳል የሚለው ተስፋ ነው።

ከዚህ ይልቅ የሚከፋው ሚዛኑ የሚመዝነው መጽሔቱን አለመሆኑ ነው። ሁለት አዘጋጆች እያንዳንዳቸው ከመጽሔታቸው በዓመት 10,000 ዶላር ያገኛሉ እንበል። የአንደኛው ገቢ በጠቅላላው 40,000 ዶላር ቢሆን፥ ያገኘው አራተኛ እጅ ነውና መጽሔቱ ባለሙያ ተብሎ ይወጣል። የሁለተኛው ገቢ ግን 100,000 ዶላር ቢሆን፥ ያው ገንዘብ ዐሥረኛ እጅ ብቻ ነውና መጽሔቱ በውድድሩ ይቀራል። ሥራውም ገንዘቡም አንድ ሲሆን፥ ድኻው ተገፍቶ ባለጠጋው ገባ። ደካማውን ለመጠበቅ የወጣ ደንብ ሀብታሙን ሰው በትርፍ ጊዜው ስለሚሠራ ከሸለመ፥ ኑሮውን ለሥራው የሰጠውን ድኻ ግን ከደጅ ከመለሰ፥ ጥበቃው ለማን ሆነ?

ሌሎቹ ደግሞ፥ ለባለሙያው አዘጋጅ የራሱ ሽልማት አለው፤ የክላርክስወርልድ አዘጋጅ ኒል ክላርክም በ2022 ተሸልሟል ይላሉ። እውነት ነው፤ የተገባውም ነው። ነገር ግን መጽሔት የአንድ ሰው እጅ ሥራ አይደለም። ከሚላኩት ብዙ ድርሰቶች ጥቂቱን ለመምረጥ ሌሊቱን የሚያነብ አለ፤ ስሕተት የሚያርም አለ፤ ሥዕል የሚሥል፥ ሒሳብ የሚይዝ አለ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለው ለእነዚህ ነው። ድሩን ሁሉ ትቶ አንዱን ክር መሸለም የማኅበርን ሥራ ማሳነስ ይሆናል።

ከዚህም በቀር፥ አራተኛ እጅ ገቢ ያገኘ ሰው ሦስቱን እጅ ከሌላ ስፍራ እንደሚፈልግ አንርሳ። ባለሙያ የተባሉትም ቢሆኑ በጸና መሬት ላይ አልቆሙም። አማዞን የተባለው ታላቅ ነጋዴ በ2023 የመጽሔት ደንበኝነት መሸጫውን በዘጋ ጊዜ፥ ከእነዚህ መጽሔቶች ብዙዎቹ ከገቢያቸው ታላቅ ክፍል አጡ። በዚያው በ1926፥ ገርንስባክ መጽሔቱን ባወጣበት ዓመት፥ በኒው ዮርክ የሀርለም ወጣት ጥቁር ደራስያን «ፋየር» የሚባል መጽሔት አውጥተው ነበር፤ ፋያም ስሙን የወረሰው ከእርሱ ነው። ብርቱ ደራስያን ሳሉት ገንዘብ አጥቶ ከአንድ እትም አላለፈም። ለመጽሔት ገንዘብ የዕድሜው ስንቅ እንጂ የሚቀጣበት ኃጢአት አይደለም።

ስለዚህ የማኅበሩ አባሎች ሁለት ነገር ቢያደርጉ ይገባቸዋል እንላለን። ፊተኛው፥ በ1973 የሻሩትን የባለሙያ መጽሔት ሽልማት ይመልሱት፤ ከመካከለኛው ስፍራ ያደገ የሚገባበት ደጅ ያግኝ። ሁለተኛው፥ የሰውን ጓዳ ገቢ መቍጠር ትተው መጽሔቱ ራሱ ለደራስያንና ለሠራተኞች የከፈለውን ይመልከቱ፤ ይህ ለባለጠጋም ለድኻም አንድ የሆነ ሚዛን ነውና። አባት ልጁ ጐልማሳ ሲሆን ሌላ ቤት ይሠራለታል እንጂ፥ አድገሃልና ውጣ ብሎ በሩን አይዘጋበትም።