ሰንሰለቱን የገዛነው እኛው ነን

ለሰፈራችን ነዋሪዎች በሙሉ፤

ባለፈው ጠቅላላ ስብሰባ የ7ኛና የ8ኛ ክፍል ልጆቻችን በአደጋ ጊዜ ከትምህርት ቤት እንዴት እንደሚወጡ ይለማመዱ የሚል ሐሳብ ቀርቦ በሣቅ ታለፈ። «የመሬት መንቀጥቀጥ የእግዜር ሥራ ነው፣ ደወል ምን ያደርግለታል?» ያሉ ነበሩ። «ልጆቹ ይማሩበት፣ ሩጫ እቤታቸውም አለ» ያሉም ነበሩ። ማኅበራችን ይህን በዝምታ ሊያልፈው አልፈለገም።

በመጀመሪያ የራሳችንን ጥፋት እንናገር። የትምህርት ቤቱን በር የሚቆልፈውን ሰንሰለትና ቁልፍ ገንዘብ አዋጥተን የገዛነው እኛው ነን። ከብት እንዳይገባ፣ ልጅም እንዳይኮበልል ብለን ነበር። ሐሳቡ ደግ ነው። አሁን ግን ጠዋት የባንዲራ ሰልፍ አልቆ ልጆቹ ክፍል ሲገቡ በሩ ይቆለፋል፤ እስከ ምሳ አይከፈትም። ቁልፉ አንድ ነው፤ ያለውም በዘበኛው ኪስ ነው። ዘበኛው ለቅሶ ሲደርስ ቁልፉም አብሮ ለቅሶ ይደርሳል። አንድ ቀን ሆዱን ያጣደፈው ልጅ በጓደኞቹ ትከሻ በአጥር ላይ ተሻግሮ ነው የወጣው። ዘበኛውን አንወቅስም፤ ያዘዝነውን ነው የሠራው። አንድ ልጅ በአጥር ይወጣል እንበል። ሁሉም ባንድ ጊዜ ልውጣ ቢልስ?

«እኛ አገር መሬት አይንቀጠቀጥም» ለሚሉ ወገኖች የምንመልሰው አለን። በግንቦት 1953 ዓ.ም. ከመንዝ ደጋ ቁልቁል ያለችው ማጀቴ በመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሳለች። በካራቆሬ ብዙ ቤት ወድቋል፤ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድም ተሰነጣጥቋል። ይህ የሩቅ አገር ወሬ አይደለም፤ ገበያችን የሚወርድበት ቆላ ነው። በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በአዋሽ ፈንታሌ አካባቢ መሬቱ ለወራት ሲናወጥ ከረመ። በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀዬው ተነሣ። ንዝረቱ እስከ አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል።

እስቲ ሰዓቱን ልብ በሉ። መስከረም 26 ቀን የተሰማው ከምሽቱ ሁለት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ታኅሣሥ 26 ቀን የነበረው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ገደማ ነው። የካቲት 7 ቀን የመጣው ትልቁ፣ መጠኑ 6 ገደማ የሆነው፣ ወደ እኩለ ሌሊት ነው። ሦስቱም የመጡት ልጆቻችን እቤታቸው ሳሉ ነው። ዕድል ነው እንጂ የእኛ ጥንቃቄ አይደለም። የሚቀጥለው ጠዋት በአራት ሰዓት ቢመጣ ሰንሰለቱን ማን ይፈታዋል?

የእግዜር ሥራ ነው ለተባለውም፣ አዎ ነው። ክረምትም የእግዜር ነው፤ ቦይ የምንቀደው ግን እኛ ነን። ጎርፉ እቤት ሲገባ «የእግዜር ነው» ብሎ የተቀመጠ ጎረቤት እስካሁን አላየንም።

ትምህርት ይባክናል ለሚሉት ደግሞ፣ የምንለምነው በወር ከአንድ ክፍለ ጊዜ ያነሰ ነው። የለመደ ልጅ በሰልፍ ይወጣል፤ ያልለመደ በር ላይ ይረጋገጣል። በድንጋጤ ቀን አዲስ ነገር የሚያስብ ሰው የለም፤ እጅና እግር የሚሠራው የየቀኑን ልማድ ነው። በየቀኑ በሩ ተቆልፎ ካደገ፣ በዚያም ቀን ተቆልፎ ነው የሚገኘው። በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መመሪያ ብቻውን ቁልፍ አይከፍትም።

ሌላም አለ። በእኛ ደጋ መብረቅ የታወቀ ነው። መሬት ሲንቀጠቀጥ ልጁ ከመስኮት ርቆ ዴስክ ሥር ይጎነበሳል፣ የዴስኩን እግር ይይዛል፤ መንቀጥቀጡ ሲቆም ወደ ሜዳ ይወጣል። ሰማይ ሲያጉረመርም ግን ተቃራኒው ነው፤ ከሜዳ፣ ከዛፍ ሥርና ከባንዲራው ምሰሶ ሸሽቶ ቤት ይገባል። እንግዲህ ያ የተንጠለጠለ የመኪና ቸርኬ ባንድ ዓይነት ብቻ ከተደወለ ልጁ ይውጣ ወይስ ይግባ?

ስለዚህ የሚከተለው እንዲፈጸም አጥብቀን እናሳስባለን፦

1ኛ. የበሩ ቁልፍ ሦስት ይሁን፤ አንዱ በዘበኛው፣ አንዱ በርእሰ መምህሩ፣ አንዱ ለበሩ በሚቀርበው ክፍል መምህር እጅ። የማስቀረጫውን ዋጋ ማኅበሩ ይችላል። ልጆች ባሉበት ሰዓት ግን በሩ በመወርወሪያ ብቻ ቢዘጋ ይመረጣል።

2ኛ. ወደ ውስጥ የሚከፈቱት የክፍል በሮች ወደ ውጭ እንዲከፈቱ ይዙሩ። አናጢ የሆናችሁ አባላት አንድ ቀን ስጡን።

3ኛ. ደወሉ ሁለት ዓይነት ይሁን፤ ሳይቋረጥ ከተመታ ውጡ፣ ሁለት ሁለቴ ከተመታ ግቡ።

4ኛ. የጠዋቱን የስም ጥሪ ዝርዝር መምህሩ ይዞ ይውጣ፤ ሜዳ ላይ እንደገና ይጠራበት። ያልተቆጠረ ልጅ ወጥቷል አይባልም።

5ኛ. በልምምድ ቀን ወላጆች ደወል ሰማን ብላችሁ በሩን እንዳታጣብቡ።

በመጨረሻም አንድ ነገር አለ። የትምህርት ቤቱ የኋላ በር የማይከፈተው በቁልፍ ምክንያት አይደለም። በፊቱ እንጨትና ኩበት ስለተከመረ ነው። ኩበቱ የማን እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከእኛ ከኮሚቴዎቹ የአንዳንዶቻችንም አለበት። ትምህርት ቤቱን ከመጠየቃችን በፊት እሱን እናንሣ። በመጪው ቅዳሜ ጠዋት በሁለት ሰዓት እዚያው እንገናኝ። ያልመጣ አባል ኩበቱን ሌላ ሰው ቢያነሣበት ቅር አይበለው።

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላልና፣ ባለፈው የሣቃችሁም ኑ።

የማኅበሩ ጸሐፊ
ስለ ኮሚቴው