ፈትልም ሀብት ነው፤ ይቆጠር፣ ይጻፍ

ገበሬ ሀብትህን ቁጠር ቢባል አስቀድሞ መሬቱን ይጠራል። በሬውን፣ ላሙን፣ በጉን ይቆጥራል። በጎታ ያለውን እህልና በቀፎ ያለውን ማር ይናገራል። በቤቱ ውስጥ ያለውን ፈትል ግን የሚቆጥር ጥቂት ነው። ከመሶብ ሥር የተወሸቀው ልቃቂት፣ በጆንያ የታጨቀው ጥጥ፣ ቆጥ ላይ የተጣለው የበግ ጠጉር፣ ተጀምሮ የቀረው ሹራብ ከሀብት አይገባም። “የሴቶች ነገር ነው” ተብሎ ይታለፋል።

ይህ አስተሳሰብ ትክክል አይደለም። ይጎዳናልም። በቤት ያለ ጥጥ፣ ፈትልና ክር እንደ እህል ሁሉ ሀብት ነው። ሀብት ከሆነ ደግሞ በወግ ይቀመጣል፤ ይቆጠራል፤ በደብተር ይጻፋል። የማን እንደ ሆነም ይታወቃል። የዚህ ጽሑፍ ሐሳብ ይኸው ነው።

ድካሙን እንመልከት

ፈትል እንዲያው ከሰማይ የወረደ ነገር አይደለም። እስቲ ከመጀመሪያው እንከተለው።

ጥጥ ከነፍሬው ሲገዛ ሚዛኑ ያታልላል። ፍሬው ከባድ ነው። ከ3 ኪሎ ጥጥ ፍሬው ከወጣ በኋላ የሚቀረው ንጹሕ ጥጥ 1 ኪሎ ያህል ነው። ፍሬው የሚወጣው በድንጋይ ላይ በብረት መዳመጫ ሲዳመጥ ነው። የተዳመጠው ጥጥ በደጋን ይነደፋል፤ ይባዘታል። ባዘቶው ተጠቅልሎ አመልማሎ ይሆናል። እንዝርት የሚሾረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እንዝርቱ ሞልቶ ልቃቂት እስኪሆን ስንት ማታ ይፈጃል? የሚያውቁት የፈተሉት እናቶች ናቸው።

ሸማኔው ጉድጓዱ ውስጥ ተቀምጦ ሲሠራ የሚያልቀውን ክር አንዲት ፈታይ ብቻዋን አትደርስበትም። ብዙ እጅ ያስፈልጋል። እንግዲህ አንድ ጋቢ ከሸማኔው ቤት ከመግባቱ በፊት ብዙ ድካም አልፎበታል ማለት ነው። ሰው ግን የሚያየው ሸማኔውን ነው፤ ዋጋ የሚከፈለውም ለሸማኔው ነው። ፈታይዋን ማን አየ?

ዛሬ ብዙ ሸማኔዎች ለድሩ የፋብሪካ ክር ይገዛሉ። ማጉ ግን በብዙ ቦታ እስካሁን የእጅ ፈትል ነው። ጋቢው የሚለሰልሰውና የሚሞቀው በዚሁ ማግ ነው። በዶርዜ ወንዱ ሲሸምን ሴቷ ትፈትላለች። የዶርዜ ሸማኔዎች ሥራ አዲስ አበባ ሽሮ ሜዳ ድረስ ገበያ አግኝቷል። በመንዝ ደግሞ አገሩ ብርዳም ስለ ሆነ የበግ ጠጉር ይፈተላል፤ በርኖስና ባና ይሠራበታል። ስለዚህ ፈትል የአንድ አካባቢ ነገር አይደለም። ቆላው ጥጡን ያበቅላል፤ ደጋው በጉን ይሸልታል፤ ሁሉም ይለብሳል።

የተጀመረው ይፈጸም

ብዙ ቤት ገብታችሁ ብትፈትሹ ጅምር ሥራ አታጡም። ለልጅ ተብሎ የተጀመረ ሹራብ አንድ እጅጌው ቀርቶ ይገኛል። ለነጠላ የተባለው ፈትል እኩሌታው ተፈትሎ እኩሌታው ባዘቶ ሆኖ ይቀራል። በዚህ ላይ ገበያ ሲወጣ ያማረ ክር ይታያል፤ ይገዛል፤ ሌላ ይጀመራል። እንዲህ እየተባለ ሣጥኑ ይሞላል፤ ልጁ ግን ይበርደዋል።

ክር ስለ ተጠራቀመ ልብስ አይሆንም። እህልም በጎታ ስለ ተኛ እንጀራ አይሆንም። ስለዚህ አንድ ደንብ ቢኖረን መልካም ነው። አዲስ ክር ከመግዛታችን በፊት በቤት ያለውን አውጥተን እንየው። የጎደለው አንድ ልቃቂት ብቻ ከሆነ ያችኑ ፈትለን እንጨርስ። መጨረስ የማንችለውን ለሚጨርሰው እንስጥ ወይም እንሽጥ።

የሹራብ ክር የምትገዙ ደግሞ ይህን ልብ በሉ። ለአንድ ሹራብ የሚበቃውን ክር በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ ግዙ። “ቀይ ነው፣ በኋላ እጨምራለሁ” አይባልም። ቀለሙ በሌላ ጊዜ የተነከረ ከሆነ ቀይና ቀይ አይመሳሰልም። ደረቱ ሌላ፣ እጅጌው ሌላ ሆኖ ያስቃል።

ሹራብ አንድ ትልቅ ጥቅም አለው። የተሸመነ ልብስ አንዴ ከተቆረጠ ተመልሶ ክር አይሆንም። በእጅ የተሠራ ሹራብ ግን ሲጠብ ይተረተራል። ክሩ ተጠምጥሞ ይታሰራል፤ ይታጠባል፤ ሲደርቅ ይቃናል። ለታላቁ የጠበበው ለታናሹ ይሠራል። ስለዚህ ያረጀ ሹራብ አይጣል። እርሱም ቢሆን የክር ጎተራ ነው።

አቀማመጡም እንደ እህል ይሁን

እህላችንን ከነቀዝና ከአይጥ እንጠብቃለን። ፈትልም ጠላቶች አሉት። እናውቃቸው።

አንደኛው እርጥበት ነው። በክረምት ከመሬት ላይ የተቀመጠ ጥጥ ይሻግታል። የሻገተ ክር ሲሳብ ይበጠሳል። ስለዚህ ጥጥና ፈትል ከመሬት ከፍ ብሎ ይቀመጥ። ወደ ዕቃው ከመግባቱ በፊት በደንብ ይድረቅ። እርጥብ ክር በላስቲክ ማሰር እርጥበቱን አብሮ መቅበር ነው።

ሁለተኛው አይጥ ነው። አይጥ ጥጥ አትበላም፤ ግን ጎጆዋን ትሠራበታለች። አንዲት አይጥ በአንድ ሌሊት የብዙ ቀን ፈትል ትበጣጥሳለች። ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሣጥን ወይም በደንብ የሚገጥም አገልግል ይበጃል።

ሦስተኛው ብል ነው። ብል ጠጉር ይበላል እንጂ ጥጥ አይበላም። ስለዚህ የበግ ጠጉርና የሱፍ ክር ለብቻ ይቀመጥ። የሚበላው የሚበርረው ቢራቢሮ አይደለም፤ ከእንቁላሉ የሚፈለፈለው ትል ነው። ትሉ ላብና ቅባት ያለበትን ጠጉር ይወዳል። መድኃኒቱ ሳይታጠብ አለማስቀመጥ ነው። ከዚያም አልፎ አልፎ እያወጡ ማራገፍና ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው።

አራተኛው ጢስና እሳት ነው። ከምድጃ በላይ ቆጥ ላይ የተቀመጠ ነጭ ፈትል ጥላሸት ይጠጣል፤ አጥበው አይመልሱትም። ከዚህ የባሰው እሳቱ ነው። የተባዘተ ጥጥ ብልጭታ ከነካው ነበልባል ነው። ኩራዝ አጠገብ አስቀምጦ መፍተል ቤትን ማቃጠል ሊሆን ይችላል። ልጆችም ይህን ይወቁ።

ደብተሩ እዚህ ላይ ይሥራ

በ1971 ዓ.ም. የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ፊደል የቆጠረው ብዙ ገበሬ ነው። ዛሬም በየቦታው ዕድሜው ከገፋ በኋላ ፊደል የሚማር አለ። አንዳንዱ ግን “ተምሬ ምን ልጽፍ ነው? ደብዳቤ የምጽፍለት ዘመድ የለኝ” ይላል። መልሱ ቀላል ነው። የቤትህን ሀብት ጻፍ።

ከሸማኔ ጋር የሚነሣው ጠብ ከምን ይመጣል? አብዛኛው ከቃል ነው። “ሁለት ኪሎ ነበር የሰጠሁህ።” “የለም፣ አንድ ከግማሽ ነው።” “ለኅዳር ብለኸኝ ነበር።” “ለገና ነው ያልኩት።” ሽማግሌ ይሰበሰባል፤ ሙሉ ቀን ያልቃል። ሸማኔው ታማኝ ሊሆን ይችላል። ባለ ፈትሏም እውነተኛ ልትሆን ትችላለች። የረሳው አእምሮ ነው። አባቶች “በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል” ያሉት ለዚህ ነው።

ስለዚህ ፈትሉ ከቤት ከመውጣቱ በፊት ይመዘን። ከዚያ እንዲህ ተብሎ ይጻፍ፦

“ጥቅምት 12 ቀን። ለሸማኔ የተሰጠ ማግ 2 ኪሎ። ለአንድ ጋቢ። ድሩን ሸማኔው ይገዛል። የሚደርስበት ቀን ኅዳር 30። የተከፈለ ቀብድ ይህን ያህል ብር።”

ይኸው ነው። አምስት መስመር አይሞላም። ሸማኔውም ይፈርምበት፤ መፈረም ካልቻለ ጣቱን ያሳርፍበት። ጋቢው ሲመጣ ደግሞ የተረፈው ማግ ይመዘንና ይጻፍ። ሲሸመን ጥቂት ክር መበጣጠሱና መባከኑ አይቀርም። ግን ጥቂቱ ምን ያህል እንደ ሆነ ከሁለት ሦስት ጊዜ በኋላ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። ይህ ሸማኔውን መጠርጠር አይደለም። ለሸማኔውም መከታ ነው። ያልሰጡትን “ሰጥተንሃል” እንዳይሉት ይጠብቀዋል።

በቤት ለሚቀመጠውም እንዲሁ ነው። ባዶ ወረቀት ቁረጡ። “ነጭ ፈትል፣ 6 ልቃቂት፣ ለነጠላ” ብላችሁ ጽፋችሁ ከልቃቂቱ ጋር አስቀምጡ። ከስድስት ወር በኋላ ሣጥኑ ሲከፈት ነገሩ ይታወቃል። እንዲያ ካልሆነ ግን አንዱ ካንዱ ይደባለቃል፤ ቀጭኑ ፈትል ከወፍራሙ ጋር ይሸመናል፤ ልብሱም አይረጋም።

ፈትልን መቁጠር ለዓለምም እንግዳ አይደለም። በህንድ አገር በ1924 እ.ኤ.አ. ማኅተመ ጋንዲ የሚመሩት ኮንግረስ የተባለው ፓርቲ አንድ ውሳኔ አሳልፎ ነበር። አባል ሁሉ በየወሩ 2,000 ያርድ ክር እንዲያስገባ ነው። ያርድ ከሜትር ጥቂት ያንሳል። ራሱ ፈትሎ፣ ካልሆነለት በሌላ አስፈትሎ ያመጣ ነበር። ደንቡ ብዙ አልቆየም፤ ለሁሉም አልተመቸም። ትምህርቱ ግን ይቀራል። የውጭ ጨርቅ ለብሰው የኖሩ ሰዎች የራሳቸውን ክር በያርድ ለክተው ቆጠሩት። ሲቆጠር ክብር አገኘ። የፈተለውም እጅ ታወቀ።

የማን ነው?

አሁን ከባዱ ጥያቄ መጣ። ጋቢው ሲሸጥ ገንዘቡ የማን ነው?

በብዙ ቤት ፈትሉን የምትፈትለው ሴቷ ናት። ገበያ ይዞ የሚወጣውና የሚሸጠው ባል ነው። ብሩ ወዴት እንደ ሄደ አትጠይቅም፤ ብትጠይቅም “ለቤት ዋለ” ትባላለች። እውነትም ለቤት ውሎ ይሆናል። ግን ስንት እንደ ተሸጠ ማወቅ መብቷ ነው። በሬው ሲሸጥ ዋጋውን አገር ይሰማል። የእርሷ ድካም ሲሸጥ ለምን በሹክሹክታ ይሆናል?

አንዳንድ ወንዶች ይህን ሲያነቡ “ደግሞ ባልና ሚስት በሒሳብ ሊኖሩ ነው?” ይሉ ይሆናል። ቤት በፍቅር ይቆማል፤ ይህ አይካድም። ግን ሒሳብ ፍቅርን አያፈርስም። የሚያፈርሰው መደበቅ ነው። ወንድሜ ሆይ፣ ከጎረቤትህ ጋር እኩል አርሰህ ምርቱን ሳታይ ብትሸኝ ምን ይሰማሃል? የሚስትህም ልብ እንደዚያው ነው። ባል ሲሞት ወይም ትዳር ሲፈርስ ደግሞ ችግሩ ይበልጣል። ንብረት ሲቆጠር የተጻፈው ይነሣል፤ ያልተጻፈው ይረሳል። ያን ጊዜ ሠላሳ ዓመት የፈተለች እናት “ምን አስገባሽ?” ተብላ ትጠየቃለች። ደብተር ካላት ገልጣ ታሳያለች።

ሌሎች ደግሞ “ከሱቅ የተዘጋጀ ልብስ ርካሽ ነው፤ ምን አደከመን?” ይላሉ። ለአንዳንዱ ልብስ እውነት ነው። ሁሉን በእጅ እንሥራ አንልም። ግን የሚያዋጣውን ከማያዋጣው መለየት የሚቻለው ሲቆጠር ነው። ጥጡ ስንት ወጣበት? ስንት ማታ ተፈተለ? ሸማኔው ስንት ወሰደ? ስንት ተሸጠ? ይህን የጻፈ ሰው ከሦስት ጋቢ በኋላ መቀጠል ወይም መተው እንዳለበት ራሱ ያውቃል። ያልጻፈው ግን ሲከስርም አያውቀውም፤ ሲያተርፍም አያውቀውም።

እንግዲህ እንጀምር

ሥራው ብዙ አይደለም። በሚመጣው የዕረፍት ቀን ሣጥኑን፣ ጆንያውን፣ ቆጡን አውርዱ። ያለውን ሁሉ ጀንዲ ላይ ዘርጉ። የሻገተውን ለዩ፤ ጤነኛውን ፀሐይ አስመቱ። ጅምሩን ለብቻ፣ ገና ያልተነካውን ለብቻ አድርጉ። እናት ትቁጠር፤ ማንበብ የቻለ ይጻፍ። ከትምህርት ቤት የመጣች ልጅ ካለች እሷ ትጻፍ፤ እናትም እያየች ትከተል። የእናት ስም ከላይ ይጻፍ።

ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንላለን። ድሩ የሚያብረው ግን መጀመሪያ ሲኖር፣ ሳይሻግትና ሳይበጠስ ሲጠበቅ፣ የማን እንደ ሆነም ሲታወቅ ነው። ያረሰ እጅ በጎታው ይመሰገናል። የፈተለ እጅም በደብተሩ ይመስገን።