ካሜራም ያስፈቅድ

በረመዳን ከዐስር ሰላት በኋላ በመርካቶ አንዋር መስጂድ ዙሪያ ያለፈ ሰው ሳምቡሳው ዘይት ውስጥ ገብቶ ቸስ ሲል ይሰማል። ቴምሩና ሙሸበኩ ይደረደራል፤ ሾርባው ይንተከተካል። በዚሁ ሰዓት ስልክና ካሜራ የያዙ ወጣቶችም ይበዛሉ። አንዳንዶቹ ምግብ ቤት ጓዳ ድረስ ዘልቀው የሚጠብሱትንና የሚጋግሩትን ያነሳሉ። ሐሳባቸው ደግ ነው፤ የወሩን ድምቀት ማሳየት ይፈልጋሉ። ፎቶ ማንሳትን በተመለከተ ዑለማዎች ያላቸው ውይይት ለሌላ ቀን ይቆየን። የዛሬው ጥያቄዬ አንድ ነው፦ ማን ተጠየቀ?

ብዙ ጊዜ የሚጠየቀው ባለቤቱ ነው። እርሱ ግን የቤቱ እንጂ የሠራተኛዋ ፊት ባለቤት አይደለም። እሳት ፊት የቆመችው እህት ጾመኛ ናት። ላብ አጥምቋታል፤ ከሴቶች ጋር ስለምትሠራም ሒጃቧን ፈታ አድርጋ ይሆናል። አሠሪዋ ባለበት «አልፈልግም» ብትል እንጀራዋን የምታጣ ሊመስላት ይችላል። ስለዚህ ዝምታዋን እንደ ፈቃድ አንቁጠረው።

በሱረቱ አን-ኑር 27ኛ አንቀጽ አላህ ወደ ሰው ቤት ሳናስፈቅድና ሰላምታ ሳናቀርብ እንዳንገባ አዞናል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ) ማስፈቀድ የተደነገገው ለዓይን ሲባል መሆኑን አስተምረዋል። ዓይን ያየውን ይረሳል፤ ካሜራ ግን ይዞት ይሄዳል፣ ለሺዎችም ያሳያል። ለዓይን ፈቃድ ካስፈለገ ለካሜራማ እንዴት አያስፈልግ!

«ምግብ ቤት ለሁሉም ክፍት ነው» የሚል ይኖራል። መመገቢያው ክፍት ነው፤ ጓዳ ግን ጓዳ ነው። «ሥራቸውን እያስተዋወቅንላቸው ነው» የሚሉም አሉ። መልካም፤ እንግዲያው ጥቅሙ ለእነርሱ ይድረስ። በየመንገዱ ዳር ለምትጠብሰው እናት ቀድማችሁ ሰላምታ ስጡ፣ አስፈቅዱ፣ ፎቶውን አሳዩአት። «አጥፉልኝ» ካለች አጥፉ። ከፈቀደች ደግሞ የምትሸጥበትን ቦታ ጻፉላት። ሳምቡሳዋንም ግዙ።

የምግብ ቤት ባለቤቶችም ካሜራ ከመጥራታችሁ በፊት ሠራተኞቻችሁን ለየብቻቸው ጠይቁ። ያልፈለገች እስኪያልቅ ገለል ትበል እንጂ አትወቀስ።

ጾመኛን ማስፈጠር ምንዳው ትልቅ መሆኑን ሁላችንም እንናገራለን። ያንን ማዕድ የሚያሰናዱት እጆች ከእኛ የሚሹት አክብሮት ከአንድ ቃል ይጀምራል፦ «ትፈቅጂልኛለሽ?»